የጓሮ አትክልት በሐራ ቆላ
(ለእርዳታና ለመልሶ ማቋቋም ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ስለ ድርቅ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ አሳባችን የሚመጣው ኩንታልና የጭነት መኪና ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ከቤት ደጃፍ ስለማትርቅ ቁራጭ መሬት ነው። ለምሳሌ የምወስደው ሐራንና በመርሳ በኩል ያለውን የሐብሩን ቆላ ነው። የዚህ አገር ገበሬ የበልግንና የክረምትን ዝናብ ተስፋ አድርጎ ይዘራል፤ በልጉ ሲቀር ወይም ክረምቱ ቀድሞ ሲወጣ ማሽላው አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የጓሮ አትክልት የቀለብ ምትክ አለመሆኑ ነው። የሚሰፈረው እህል ኃይል ይሰጣል፤ ቫይታሚን ኤና ሲ ግን ከእርሱ በበቂ አይገኙም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዱባ፣ ፓፓያና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ስኳር ድንች የሚሞሉት ይህን ጉድለት ነው። ስለዚህ አትክልት ተክሏል ተብሎ የማንም ራሽን ሊቀነስ አይገባም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በዓለም አቀፉ የሰብአዊ እርዳታ መለኪያ አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ማግኘት አለበት። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 75 ሊትር ይደርሰዋል ማለት ነው። ሩቡ በእጣቢ መልክ ቢመለስ ወደ 19 ሊትር ይሆናል። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን 5 ሊትር ያህል ይጠጣል ብለን ብናሰላ፣ ይህ ውሃ ከ4 ካሬ ሜትር የሚበልጥ መሬት አያጠጣም። ዕቅዳችሁ ከዚህ በላይ ከሆነ፣ ትርፉን ውሃ በጀርባዋ የምትቀዳው የቤቱ እመቤት መሆኗን አትርሱ። መደቡም በቆላ ከፍ ሳይሆን ጎድጎድ ይበል፤ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ይልበስ። እጣቢው ከሥር እንጂ በቅጠል ላይ አይፍሰስ፤ በረኪና የነካው ጨርሶ አይጠቅምም።

ሦስተኛው ፍግ ነው። በጥላ ሥር አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ደረቅ አገዳ፣ እርጥብ ቅጠል፣ እበት፣ ጥቂት አመድና አፈር በየተራ ይነጠፋል፤ እርጥበቱ እየተጠበቀ በየወሩ ይገላበጣል፤ በሦስት ወር ገደማ ይበስላል። ይህን ማስተማር ቀላል ነው። አስቸጋሪው፣ አገዳው ለከብት መኖና ለአጥር፣ እበቱም ኩበት ሆኖ ለማገዶ የሚፈለግ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሳይቀድም ስለ ፍግ መስበክ ከንቱ ድካም ነው። ከእርዳታ እህል ጋር እንደ ገባ የሚነገርለት ቅንጨ አረምም ሳያብብ ካልታጨደ በቀር ከጉድጓዱ አይግባ፤ ዘሩ ከፍጉ ጋር ወደ መደቡ ይመለሳልና። ለተባይ የተወቀጠ የኒም ፍሬ በውሃ ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ መርጨት ይረዳል።

አራተኛው መሬትና ዘር ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ሲጓጓዝ፣ ብዙው ሰው የሚያውቀውን ዘርና የሚያውቀውን አየር ትቶ ሄደ። በማኅበር ከሚታረሰው እርሻ ሌላ፣ ሰፋሪው እንደ ፈቃዱ የሚያዝዝባት የጓሮው መሬት ነበረች። ዘመን ተገላብጦ በ2014 ዓ.ም. ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች በሐብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ተጠለሉ። ነገ ይነሣ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው የፓፓያ ችግኝ መስጠት ምን ይረባል? ለእርሱ በአንድ ወር ተኩል የሚደርስ ቆስጣ፣ በጆንያ ውስጥም ሊተከል የሚችል ጎመን ይሻለዋል፤ ሲነሣም አፈሩን ይዞት ይሄዳል። መሬቱ ለጸናለት ግን ፓፓያና ማንጎ ይተክል።

እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ዘሩ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ሳይገባ ይድረስ፤ ገበሬው መልሶ ዘር የሚይዝለትም ዓይነት ይሁን፤ ስለ ዓይነቱም በዚያው ወረዳ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ይጠየቅ። መደብ የያዘ ሰው ምርቱን ሳይሰበስብ እንዳይነሣ ቀበሌው በጽሑፍ ያረጋግጥለት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ውሃውን የምትቀዳው ሴት ትጠየቅ፤ የመደቡን ስፋት የምትወስነው እርስዋ ናትና።