የአካልን ስም ከሙያው ጋራ ስለ ማወቅ

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል



በዚህ በዓል ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። ስለ ደብሩ ሕንፃና ስለ ታሪኩ ከእኔ የሚበልጡ ሽማግሎች ይናገራሉ። እኔ ግን ስለ ሌላ ሕንፃ፥ ይኸውም እያንዳንዳችን ዛሬ ይዘነው ስለ ገባነው ስለ ሰው አካል ልናገር ወደድሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ በቅኔ ቤት ያደግሁ መምህር ነኝ። ስለዚህ የምናገረው በዕድሜዬ ያየሁትንና ከሚያውቁት ጠይቄ የተረዳሁትን ብቻ ነው።

እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የአካልን ስም ከማንም ይልቅ እናውቃለን። መልክእ የሚደግም ሰው ከራስ ጠጕር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ እየዘረዘረ ለእያንዳንዱ ክፍል ሰላምታ ያቀርባል፤ ዐይንና ጆሮ፥ ከንፈርና ጥርስ፥ ጕሮሮና አንገት፥ ልብና ኵላሊት፥ ሕንብርትም ሳይቀር በየተራው ይጠራል። በውስጥ ተሰውሮ የማይታየውም አልተዘለለም፤ ትንሽ ነው ተብሎ የተናቀም የለም። ነገር ግን ኵላሊትን በየዕለቱ ሰላም የሚል ሰው፥ ኵላሊት ደምን እያጣራ ቆሻሻውን በሽንት የሚያወጣ መሆኑን ቢጠየቅ፥ ብዙው ዝም ይላል። እኔም ብዙ ዘመን ዝም ካሉት አንዱ ነበርሁ። ስሙን ይዘናል፤ ሙያውን አልያዝንም።

በቅኔ ቤት ግን ልማዳችን እንዲህ አልነበረም። ቀን ስንቈጥር የዋልነውን ቅኔ ማታ በየኔታ ፊት እንነግራለን። ተማሪው አንዱ ቃል ትርፍ መስሎት ሊያወጣው ቢል፥ የኔታ አስቀድመው የቃሉን ሙያ ይጠይቁታል። ሙያውን ካልተናገረ ቃሉን እንዲነካ አይፈቀድለትም፤ ትርፍ የመሰለው ቃል ወርቁን ተሸክሞ የቆመ ሊሆን ይችላልና።

ይህ ሥርዐት ለቃል ብቻ ሳይሆን ለሥጋም የሚያስፈልግ መሆኑን የተረዳሁት ወደ ቅኔ ቤት ሳልሄድ በፊት በደረሰብን ነገር ነው። የ8 ዓመት ልጅ ሳለሁ የ3 ዓመት ታናሽ ወንድም ነበረኝ። አንድ ክረምት ትኵሳት ያዘው፥ መዋጥም አቃተው። አፉን ከፍተው ቢያዩት እንጥሉ ቀልቶና አብጦ ታየ። እንጥሉ ወርዷል፥ ካልተቈረጠ ያንቀዋል ተባለ፤ በአገሩ በዚህ ሥራ የታወቁ አንድ ሰው ተጠርተው መጡ። ኩራዙን የያዝሁላቸው እኔ ነበርሁ። ሥራው ጥቂት ጊዜ እንኳ አልፈጀም፤ ደሙ ግን ሌሊቱን ሁሉ አልቆመም። ሕፃኑ ደሙን እየዋጠ ኖሮ ልቅሶውን ተወ፤ እናቴም ተኛልኝ ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ሲነጋ ነፍሱ አልፋ ተገኘች።

እናቴን አልወቅሳትም፤ ከእርስዋ አብልጦ የወደደው ሰው አልነበረም። ቈራጩንም አልወቅሳቸውም፤ ከአባታቸው ያዩትን ሠሩ። ከዚያ ቤት የጐደለው ፍቅር አልነበረም፤ አንድ ጥያቄ ነበረ እንጂ። ይህ እንጥል ሙያው ምንድር ነው? ብሎ የጠየቀ አልተገኘም።

እኔም ብሆን ጥያቄውን የጠየቅሁት እጅግ ዘግይቼ ነው። በጐልማሳነቴ አንዲት እናት፥ መምህር ሆይ፥ የልጄን እንጥል ላስቈርጥላት ወይስ ልተው? ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝምና እንደ አገሩ ልማድ አድርጊ ብዬ አለፍሁ። ልጅቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነች፤ የእኔ ቃል ግን እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል። ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ሐኪም ሄጄ ጠየቅሁ፤ የነገረኝም ይህ ነው።

እንጥል የለስላሳው ላንቃ ጫፍ ነው። ምግብ በምንውጥበት ጊዜ ለስላሳው ላንቃ ከነእንጥሉ ወደ ላይ ተነሥቶ ከአፍ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ ስለዚህ የዋጥነው ውሃ በአፍንጫችን አይወጣም። እንጥሉም ምራቅ እያፈለቀ ጕሮሮውን ያረጥባል። ለእኛ ለዜማና ለቅኔ ሰዎች ደግሞ ሌላ ሙያ አለው፤ ላንቃው በተነሣና በወረደ ቍጥር ፊደላችን ይለያያል። አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ ጸሎት በሉ፤ ቃሉ ደኅና ሆኖ ይወጣል። እንደ ያዛችሁ ምእመናን በሉ፤ ቃሉ ይታፈናል። ስለ ምን ቢሉ፥ ምና ን በሚነገሩበት ጊዜ ላንቃው ወርዶ ድምፁ በአፍንጫ ስለሚያልፍ ነው። እንግዲህ በየቀኑ የምንቀድስበትና የምንዘምርበት ድምፅ ከዚህ ከተናቀ ሥፍራ አገልግሎት የሚቀበል መሆኑን አስተውሉ።

መልኩን አይቶ ሙያውን መሳት በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በታላላቆቹም ሊቃውንት ደርሷል። ገሌኖስ የተባለው የጥንት ሐኪም፥ ደም ከምግብ በጕበት ተሠርቶ ወደ አካል ሁሉ ይሄድና በዚያው ያልቃል ብሎ አስተማረ፤ ይህም ትምህርት 1,400 ዓመት ያህል ጸንቶ ኖረ። በኢጣልያ በፓዱዋ ከተማ ያስተምር የነበረ ፋብሪሲዩስ የሚባል ሊቅ በደም ሥሮች ውስጥ ትንንሽ በሮች እንዳሉ አይቶ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1603 ዓመት ስለ እነርሱ መጽሐፍ አሳተመ። በሮቹን አጥርቶ አየ፥ መልካቸውንም ሣለ፤ ነገር ግን የገሌኖስን ትምህርት አልለቀቀምና ደም ወደ እጅና ወደ እግር በብዛት ወርዶ እንዳይከማች የሚያዘገዩ መሰሉት።

ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቬ ግን የበሮቹን ሙያ መረመረ። ደሙን ወደ ልብ የሚያሳልፉ፥ ወደ ኋላ ግን የማይመልሱ መሆናቸውን አየ። ደግሞም ልብ በአንድ ምት የምታወጣውን ደም በምቱ ቍጥር ቢያባዛው፥ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚወጣው በአካል ካለው ደም ሁሉ በለጠበት፤ ይህን ያህል ደም ከምግብ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ያው ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ እየተመለሰ ይዞራል ብሎ በ1628 ዓመት ለዓለም አስታወቀ። ዛሬ እንደሚታወቀው የጐልማሳ ልብ ያለ ድካም በተቀመጠበት ጊዜ በ1 ደቂቃ ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም ትረጫለች። መምህሩ ሰሙን አየ፤ ደቀ መዝሙሩ ወርቁን አወጣ። ይህ ለመምህሩ ውርደት አይደለም፤ ሰሙን የሰጠው እርሱ ነውና።

ልብም እንዲሁ አራት በሮች አሏት፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ብቻ ይከፈታሉ። ጆሮአችሁን በሕፃን ደረት ላይ ብታኖሩ የምትሰሙት ድምፅ እነዚህ በሮች ሲዘጉ የሚሰጡት ድምፅ ነው።

ይህን ሁሉ ስለ ጕሮሮ ጀምሬ ወደ ልብ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃናትን የሚይዘው የጕሮሮ ሕመም ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። አንዱ ዐይነት ግን በጊዜ ካልታከመ፥ ጕሮሮው ከዳነ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጕልበትንና ሌላውንም መገጣጠሚያ ሊያሳብጥ፥ የልብንም በሮች ሊያቈስል ይችላል። አካልን የሚጠብቀው ኀይል ጠላቱን ሊወጋ ተነሥቶ የገዛ ቤቱን በር ይሰብራል ማለት ነው። በሩ የተበላሸበት ልጅ ሲያድግ ዳገት መውጣት ሊያቅተው፥ ትንፋሹ ሊያጥረው፥ በወጣትነቱም ሊቀሠፍ ይችላል። በአገራችን በዚህ በሽታ የተያዙ ብዙዎች ናቸው። ይህን የሚከለክለው ሐኪም በጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት ነው እንጂ እንጥል መቍረጥ አይደለም። የእንጥሉ ማበጥ የሕመሙ ምልክት ነው እንጂ ሥሩ አይደለም፤ እሳት መነሣቱን የነገረንን ጢስ ብንበትነው እሳቱ አይጠፋም። በላዩም ቍስሉ ይደማል፥ ይመግላል፤ በአንድ ምላጭ ብዙ ሕፃናት ቢቈረጡ የአንዱ ደም በሽታውን ወደ ሌላው ያስተላልፋል።

አንዳንድ ሰው፥ ሥጋን መመራመር ለመንፈሳዊ ሰው ምን ያደርግለታል? ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ የቤተ ክርስቲያንን አንድነት ሊያስተምር በወደደ ጊዜ ምሳሌውን ያወጣው ከአካል ክፍሎች ነው፤ ደካማ የሚመስሉትም የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ለቆሮንቶስ ሰዎች ጻፈ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ። የሲራክም መጽሐፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዘናል። ስለዚህ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ጸሎቱንና ጠበሉን የካደ አይምሰላችሁ፤ ጸሎት ያደረሰ ካህን እጁን ወደ ሥራ ቢዘረጋ ጸሎቱን አያፈርስምና።

አባቶቼ ካህናት ሆይ፥ ይህን ቃል ከሁሉ ይልቅ ለእናንተ አደራ እላለሁ። የንስሐ አባት ሐኪም ከማይደርስበት ቤት ይደርሳል፤ እናት ልጅዋ ሲታመም አስቀድማ የምትጠይቀው እርሱን ነው። እኔ በተጠየቅሁ ጊዜ እንደ መለስሁት አትመልሱ። ልቈርጥ የሚል ሰው በመጣ ጊዜ ሙያውን ጠይቁት፤ ሕፃኑንም ሳይመሽ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ምከሩ። እናንተም እናቶች፥ ካህኑ ዝም ቢል እንኳ እናንተ ጠይቁ።

ከእንግዲህ መልክእ በደገምን ጊዜ፥ ጕሮሮንና ልብን በጠራን ቍጥር፥ ሙያቸውን አስበን ብንጠራቸው ሰላምታችን ሙሉ ይሆናል። እኔ በበኩሌ ጕሮሮን ከምጠራበት ስፍራ በደረስሁ ጊዜ አንድ የ3 ዓመት ሕፃን አስባለሁ። በሚመጣው ኢዮቤልዩ በዚህ ዐውደ ምሕረት የሚቆሙት ልጆች እንደ እርሱ ያለውን እንዳያስቡ፥ እግዚአብሔር ለእኛ ማስተዋልን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።