ለእኚያ አባት መልስ አለብኝ
(በምሩቃን መገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ የቧንቧ ውሃ ልጅ ነኝ። የሰፈሬ ስም ዕጣዬ ሆነና ኮምቦልቻ ግቢ ገብቼ የውሃ ምህንድስና ተማርኩ።

ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ቃሉ ውስጥ ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ የቧንቧ መስመር ልንዘረጋ ሄድን። መስመሩ የሚያልፈው በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። ቁፋሮ በጀመርን በማግስቱ ሕዝቡ ወጥቶ አስቆመን። እኔማ “ውሃ ይዘንላቸው መጥተን እንዴት እንከለከላለን?” ብዬ ተናደድኩ። ለካስ ዋርካው የወዳጃ ቦታ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ፣ በሽታ ሲገባ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት። ነገሩን የፈቱት አባጋሮች ናቸው። ቡና ተፈላ፣ ተመረቀ፣ መስመሩም ትንሽ ዞር ብሎ አለፈ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ “ልጄ፣ አገርህ የት ነው?” አሉኝ። “ደሴ” አልኳቸው። “ታዲያ ይኼን እንዴት አጣኸው?” አሉኝ። ዝም አልኩ።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከዚያ ዝምታ የመጣ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ለማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ ሐኪም ይሁን መሐንዲስ፣ ከዲግሪው ጎን የሚወሰድ የወሎ ባህል ጥናት ሰርተፍኬት ቢከፍትስ?

የአሁን ተማሪዎች በአንደኛ ዓመት አንትሮፖሎጂ ይማራሉ፤ ጥሩ ነው። ግን የመላው አገር ባህል በአንድ መንፈቅ ሲታለፍ ለወሎ ስንት ሰዓት ይደርሰዋል? ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በዚሁ አካባቢያችን ስም ይጠራሉ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና የመንዙማ ዜማ በአንድ አገር አብረው ኖረዋል። ይህ ሁሉ የምርምር ማሳ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1940ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበራቸው። ስለየአካባቢያቸው ልማድ ይጽፉ፣ ቁሳቁስም ይሰበስቡ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ከዚያ ክምችት ጭምር የተነሣ ነው። የተማሪ ሥራ ተቋም ወለደ ማለት ነው።

እኛ ደግሞ ጊዜ የለንም። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የተወሰደውን ቅርስ በክፍል ትምህርት አንመልሰውም። በአባጋሮቹ፣ በመንዙማ አውጪዎቹ፣ በእናቶቻችን አንደበት ያለው ግን ገና አለ። እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

አንድ ነገር ግን ላሳስብ። ሰርተፍኬቱ ለሥራ ማመልከቻ የምትለጠፍ ወረቀት ብቻ ከሆነች ይቅርብን። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ባለዕውቀት ዘንድ ቁጭ ብሎ፣ አስፈቅዶ ይቅዳ። ቅጂው አንዱ ለዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ ለባለቤቶቹ ይድረስ። ፈተናውን መምህሩ ብቻ ሳይሆን ሽማግሌውም ይስሙት። ወጪውን በተመለከተ፣ መቅረጸ ድምፅና የመስክ ትራንስፖርት ከእኛ ከምሩቃኑ አቅም በላይ አይደለም። መምህራኖቻችን፣ እናንተ ሥርዓተ ትምህርቱን ቅረጹ፤ ለቀሪው አብሽሩ!

ለምሩቃንም ክፍት ከሆነ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ። ለእኚያ አባት መልስ አለብኝ።