አረጋውያን ወላጆቻችን እንዳይወድቁ

የዛሬው ንግግራችን ስለ አረጋውያን መውደቅ ነው። ማንበብ የቻላችሁ ይህን ጽሑፍ ለቤተሰባችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። ቤታቸው አንበሳሜ አጠገብ ነው። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል። ጊዜው ክረምት ነው። ሌሊት ሽንታቸው መጣ። «ልጆቹን ከእንቅልፍ አልቀሰቅስም» ብለው በጨለማ ከመደቡ ተነሡ። እግራቸው መሬት ላይ የተጋደመውን ቀንበር መታ። ተንገዳገዱ። ደጃፉ ላይ ያለው ጭቃ አዳለጣቸውና ወደቁ።

ጎረቤት «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል!» ይላል። እውነት እርጅና ነው? እንቁጠር። ጨለማው አንድ፣ ቀንበሩ ሁለት፣ ጭቃው ሦስት፣ ብቻቸውን መውጣታቸው አራት። ከአራቱ አንዱም እርጅና አይደለም። አራቱንም ማስወገድ ይቻላል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በየዓመቱ በዓለም ላይ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ። የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ናቸው።

የእኛን መሬት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የፎገራ ሜዳ ዋልካ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ለሩዛችን የሚስማማው ውሃ ያዥ አፈር እግርን ያዳልጣል። ጎልማሳውን የሚያንገዳግድ ጭቃ አረጋዊውን ይጥላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመደብ እስከ በር ያለውን መንገድ እናጽዳ። ቀንበር፣ ገመድ፣ እንስራ በመንገድ ላይ አይቀመጥ። ወለሉ በእበት ሲለቀለቅ እስኪደርቅ ድረስ አረጋውያን አይርገጡት።

ሁለተኛ፣ ከበር እስከ መጸዳጃ ጠጠር እናልብስ። በመንገዱ ዳር እንጨት ተክለን የእጅ መደገፊያ እንሥራ።

ሦስተኛ፣ ባትሪ ወይም የፀሐይ መብራት ከራስጌያቸው አይጥፋ። ለሌሊት ፖፖ ከአጠገባቸው እናስቀምጥ። «ቀስቅሱን፤ አይከብደንም» እንበላቸው።

አራተኛ፣ ምርኩዝ ይያዙ። አንዳንድ አባቶች ያፍራሉ። በቤተ ክርስቲያን መቋሚያ መያዝ አያሳፍርም፤ በጭቃ ላይ ምርኩዝ ስለምን ያሳፍራል? ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ሲያወርዱ፣ የምርኩዙ እጀታ እስከ አንጓቸው ይድረስ። ጫፉ ላይ የጎማ ቁራጭ ቢደረግ አያንሸራትትም። ታችኛው ጥርሱ ያለቀ ኮንጎ ጫማ ግን ያንሸራትታል፤ ይለወጥ።

አምስተኛ፣ ዓይናቸውን እናስመርምር። በደቡብ ጎንደር ትራኮማ የብዙ ሰው ዓይን ጎድቷል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይንን ይፍቃል። በወረንጦ መንቀል ብቻ አይበቃም፤ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። የዓይን ሞራም እንዲሁ ይታከማል።

ስድስተኛ፣ አረጋዊ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ብድግ አይበል። ጥቂት ተቀምጦ፣ ራሱ አለመዞሩን አይቶ ይነሣ። ቁጭ ብሎ መዋልም ጉልበት ያደክማል። በየቀኑ ከዱካ ላይ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ እግርን ያጠነክራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢወድቁስ? መነሣት ካቃታቸው፣ ወይም አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሮ ይሆናል። ጎትታችሁ አታስነሡ። በቃሬዛ ሳታንገላቱ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ወጌሻ ጠርቶ ማስጎተት ጉዳቱን ያብሳል። አጥብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ ሊበሰብስ ይችላል።

አድማጮቻችን፣ እነዚህ ወላጆች እኛን ቆመን እንድንሄድ እጃችንን ይዘው ያስተማሩ ናቸው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቀንበሩን ከመንገድ አንሡ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በቤታችሁ ውስጥ ሰው የሚጥል ነገር ምን አለ?
2. ምርኩዝ የሚያፍር አባት ቢኖራችሁ ምን ትሉታላችሁ?
3. የወደቀ ሰው እግር አጥሮ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?