በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም
(በወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ቡና ላይ የማይነሣ፣ ቢነሣም በሹክሹክታ የሚታለፍ ነው። ይኸውም በድብደባ ወይም በወሲብ በደል ስለተጎዱ ልጆች ነው። ይህ በደል በማንኛውም ሕዝብ ዘንድ አለ፤ የእኛ ብቻ ነውር አይደለም። በደለኛውም ብዙውን ጊዜ ከመንገድ የመጣ ባዕድ ሳይሆን ልጁ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ነው። ስለዚህም ልጁ ለመናገር ይፈራል፤ ቤተሰቡም ገመናው እንዳይወጣ ብሎ ዝም ይላል። አባቶቻችን ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል።

በመጀመሪያ ምልክቶቹን እንወቅ። ሽንት መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና አልጋው ላይ ቢሸና፣ ሌሊት እየባነነ ቢጮህ፣ ሐኪም ምክንያቱን ያላገኘለት የሆድ ወይም የራስ ሕመም ቢመላለስበት፣ ትምህርቱ በድንገት ቢወድቅ፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን መሆንን ቢሸሽ፣ ከዕድሜው በላይ የሆነ ነገር ቢናገር፣ ልጁን ቀርበን በእርጋታ ልንሰማው ይገባል። ከእነዚህ አንዱ መታየቱ ብቻ በደል ደርሷል አያሰኝም። ምንም ምልክት የማያሳዩ ልጆችም አሉ።

ልጁ ከተናገረ አንቆጣ፣ አንጩህ። «መናገርህ ደግ አደረግህ፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም» እንበለው። «ለማንም አልናገርም» ብለን ቃል አንግባለት፤ ልንጠብቀው የማንችለው ቃል ነውና። ደጋግመን አንመርምረው፤ የተናገረውን በራሱ ቃል ጽፈን እናስቀምጥ። ወደ ተጠረጠረው ሰው ቤት ሄደን አንጣላ። ድርጊቱ በቅርብ የተፈጸመ ከሆነ ልጁን ሳናጥብ፣ ልብሱንም ሳናጥብ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል እንውሰደው።

እዚህ ላይ ስለ ሽማግሌዎቻችን አንድ ነገር መናገር ግድ ይለናል። ሽማግሌና ቄስ ባይኖሩን ኖሮ በስደቱም እዚህም ብዙ ቤት ይፈርስ ነበር። ነገር ግን ሽምግልና በእኩዮች መካከል የሚደረግ እርቅ ነው። ልጅና በዳዩ እኩዮች አይደሉም። በካሣና በይቅርታ ነገሩ ሲዘጋ ያ ሰው እንደ ቀድሞው ለቡና ይመጣል፤ ልጁም በሩ በተንኳኳ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ይኖራል። እንዲያውም የቤተሰቡን ልብ አለስልሰው «ልጁን ወደ ሕክምና ውሰዱት» ለማለት ከሽማግሌዎቻችን የሚበልጥ ሰው የለም።

ሕጉም ዝምታን አይፈቅድም። በ1989 የወጣው የእስራኤል ሕግ፣ ልጁን የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ሰው በደል እንደፈጸመበት በቂ ጥርጣሬ ያለው ማንኛውም ሰው ለሬቫሃ ሠራተኛ ወይም ለፖሊስ እንዲያስታውቅ ያዛል። ያላስታወቀ እስከ 3 ወር፣ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ነርስና ሌላም ባለሙያ ከሆነ እስከ 6 ወር ሊታሰር ይችላል። በአገራችን ሳለን በአርጩሜ መቅጣት እንደ ማሳደግ ይቆጠር ነበር። በ2000 ግን የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወላጅ ልጁን ለቅጣት ብሎ መምታቱ የተከለከለ መሆኑን ወስኗል።

ወዴት እንሂድ? አደጋው አሁን ከሆነ ወደ ፖሊስ በ100 እንደውል። የሬቫሃ ሚኒስቴር መሥመር 118 ነው። በስልክና በኢንተርኔት ለሚፈጸም በደል 105 አለ። የወሲብ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ልጃገረዶች 1202፣ ለወንዶችና ለወንዶች ልጆች 1203 ይደወላል። በትምህርት ቤትም ዮዔጼትና ፕሲኮሎግ አሉ። ከ14 ዓመት በታች የሆነን ልጅ በእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚጠይቀው፣ በ1955 በወጣው ሕግ መሠረት፣ «ሖኬር ዬላዲም» የሚባል የሠለጠነ ሠራተኛ ነው፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ልጁ ፍርድ ቤት ቀርቦ አይመሰክርም። በ2002 በኢየሩሳሌም «ቤት ሊን» የተባለ ማእከል ተከፈተ፤ በዚያም ጠያቂው፣ ሐኪሙ፣ ፖሊሱና ዖቬድት ሶሲያሊት በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚገኙ ልጁ ታሪኩን ከቢሮ ቢሮ እየዞረ አይደግምም። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ማእከሎች በሌሎች ከተሞችም ተከፍተዋል።

«ሬቫሃ ከገባ ልጆቻችንን ይወስድብናል» የሚለውን ፍርሃት እናውቀዋለን፤ መሠረት የለውም ብለን አናቃልለውም። ስለዚህ መብታችንን እንወቅ። በ1960 በወጣው ሕግ መሠረት ያለ ወላጅ ፈቃድ ልጅን ከቤት ማውጣት የሚወስነው የወጣቶች ፍርድ ቤት ነው። በአስቸኳይ አደጋ ጊዜ ሠራተኛው ቀድሞ እርምጃ ሊወስድ ይችላል፤ ነገር ግን ያለ ፍርድ ቤት ማጽደቅ ከአንድ ሳምንት አያልፍም። ወላጅ በፍርድ ቤት የመሰማትና ጠበቃ የማቆም መብት አለው፤ አቅም የሌለው ከፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ርዳታ ክፍል ሊጠይቅ ይችላል። ያልገባንን ወረቀት አንፈርም። በተጠራንበት ስብሰባ ሁሉ እንገኝ፤ በሌለንበት ስለ ልጃችን ሌላ ሰው ይናገራልና።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። ባለሙያዎች «ትራውማ» የሚሉት የመንፈስ ቁስል ነው። አደጋው ካለፈ በኋላም አካል እንዳላለፈ ሆኖ ይደነግጣል። በ1980ዎቹ በሱዳን በረሃ ያለፍን ይህን በራሳችን እናውቀዋለን፤ ዛሬም ሌሊት ኮቴ ስንሰማ የምንባንን አለን። ይህ እብደት አይደለም፤ ሐኪም የሚታከመው ቁስል ነው።

ትንንሽ ልጆች በጨዋታና በሥዕል ይታከማሉ። በጥናት የተፈተነ፣ ከ3 እስከ 18 ዓመት ላሉ የተጎዱ ልጆች የሚሰጥ የንግግር ሕክምናም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ጊዜ በመገናኘት ይካሄዳል፣ እንደ ጉዳቱም ሊረዝም ይችላል። ልጁ በመጀመሪያ ትንፋሹንና ሰውነቱን ማረጋጋት፣ ስሜቱን በስሙ መጥራት ይማራል፤ ከዚያ የደረሰበትን በጥቂት በጥቂቱ ይናገራል። ያልበደለው ወላጅም አብሮ ይማራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ የባሰበት ቢመስል ሕክምናውን አናቋርጥ፤ ለሐኪሙ እንንገር።

ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የመንፈስ ጤና ሕክምና የኩፓት ሖሊም ኃላፊነት ነው። ስለዚህ ከልጆች ሐኪማችን እንጀምር። ተራው ሊረዝም ይችላል፤ ቀጠሮውን በጽሑፍ እንጠይቅ፣ ሌላ ክሊኒክ ቶሎ ይቀበል እንደሆነም እንጠይቅ። በወሲብ ለተጎዱ ልጆች ደግሞ በሬቫሃ በኩል የሚላክባቸው ልዩ የሕክምና ማእከሎች አሉ።

ስለ ቋንቋ አንርሳ። ልጁ ራሱ፣ ወይም ታላቅ እኅቱ፣ ለእናቱ ማስተርጎም የለባቸውም፤ ሸክም እንጨምርባቸዋለን፣ እናትም ሙሉውን አትሰማም። አስተርጓሚ ወይም ሜጋሼር እንጠይቅ፤ የሚያውቀን ሰው ከሆነና ካፈርን ሌላ ይምጣልን እንበል። ልጃችን በሐኪም ፊት ዓይኑን ቢሰብር በእኛ ዘንድ አክብሮት መሆኑን ለማያውቅ ባለሙያ እናስረዳ። ፕሲኮሎግም ሆነ ዖቬድት ሶሲያሊት ምሥጢር እንዲጠብቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ሕጉ የሚያዛቸውን ማስታወቅ ግን ሊያስቀሩ አይችሉም።

ውድ ወገኖቻችን፤ ቄሶቻችን ይጸልዩ፣ ይመርቁ፤ ምርቃትና ሕክምና አይጣሉም። ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ግን ስለ አንድ ልጅ ሥጋት ያለው ሰው ሌላ ስብሰባ አይጠብቅ። ነገ ጠዋት ይደውል። ብቻውን መደወል የከበደው ይንገረን፤ አብረነው ተቀምጠን እንደውላለን፣ አብረነውም እንሄዳለን።