ቃሪያ ይብዛ ይቅለል?

ገና ጎህ ሲቀድ በካሪቢያኗ ደሴት በትሪኒዳድ መንገድ ዳር ሰልፍ ይያዛል። ሻጩ እርድ የገባባቸውን ሁለት ስስ የተጠበሱ ቂጣዎች ወረቀት ላይ አነባብሮ የሽምብራ ወጥ ይጨምርባቸዋል፤ ኪያርና የሁመር ማባያ ይከተላሉ። ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል፦ ቃሪያው ይብዛ ይቅለል? «ይብዛ» ያለ እንግዳ ወዮለት!

ምግቡ ዳብልስ ይባላል፤ ታሪኩም ከህንድ መጤዎች ይጀምራል።

ህንዳውያን የኮንትራት ሠራተኞችን የጫነችው የመጀመሪያዋ መርከብ፣ ፋቴል ራዛክ፣ ደሴቲቱ የደረሰችው እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1845 ነው። ባርነት ከቀረ በኋላ የሸንኮራ እርሻው ጉልበት ፈልጎ ነበር። ጉዞው እስከ 1917 ሲቀጥል ከ140 ሺህ በላይ ሰዎች ተሻገሩ። ይዘውት የመጡት የቦጅፑሪ ቋንቋ ከልጅ ልጆቻቸው አፍ እየጠፋ ሄደ፤ ባራ (ቂጣው)፣ ቻና (ሽምብራው)፣ ሮቲ የሚሉት የምግብ ስሞች ግን አልጠፉም። የድንብላሉን ቅጠል ግን በአብዛኛው ሌላ የካሪቢያን ቅጠል ተክቶታል።

የሚገርመው፣ ዳብልስ ራሱ ህንድ ውስጥ አልተወለደም። በ1930ዎቹ በትሪኒዳዷ ፕሪንስስ ታውን ከተማ የዲን ቤተሰብ በአንድ ባራ ላይ ሽምብራ ይሸጥ ነበር፤ ደንበኞች በእንግሊዝኛ «ደብል»፣ ማለትም «ደርብልን» ሲሉ ስሙ ወጣ ይባላል። ዛሬ የአፍሪካ ዘር ያለውም የህንድ ዘር ያለውም እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሞ ይበላል።

ዳግም የተሰደዱትም ይዘውት ሄደዋል። በኒው ዮርክ ብሩክሊን፣ በክረምት ብርድ፣ ወረቀቱን ገልጦ ጣቱን እየላሰ የሚበላ ትሪኒዳዳዊ አይጠፋም።