መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ ለሚያሳትም ቤተሰብ

  

የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ የመስጊድ ጉዳይ ላይመስል ይችላል። የምንነጋገረው መጽሐፍ ጽፎ በራስ ገንዘብ ስለ ማሳተምና ከዚያ ስለሚገኝ መተዳደሪያ ነው። ወደዚህ ርእስ ያመጣን ግን እዚያው መስጊዱ ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው ሲመጡ የጠባቸው ምክንያት የቤት ወጪ ወይም የዘመድ ጣልቃ ገብነት ነው። አልፎ አልፎ ግን መጽሐፍ ሆኖ እናገኘዋለን። ባል ጽፏል፣ ማተሚያ ቤቱ ቅድመ ክፍያ ጠይቋል፣ የሚስት ወርቅ ተሽጧል። ዓመት አልፎ ወርቁም አልተተካም፣ ካርቶኑም አልጋ ሥር እንደተደረደረ ነው። እርሷ «መህሬን በወረቀት ለወጠው» ትላለች። እርሱ ደግሞ «በቁማር አላጠፋሁት፣ ለዒልም ነው ያዋልኩት» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። መህር የሚስት ንብረት ነው፤ ባል ያለ ፈቃዷ አይነካውም። ፈቅዳ ከሰጠችም ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ ሽርክና ነው የሚለው በዚያው ቀን ይለይ። አላህ በሱረቱል በቀራህ በዚያ በረጅሙ አንቀጽ ብድር እንዲጻፍ ያዘዘው ለማይተዋወቁ ነጋዴዎች ብቻ አይደለም። ሌሎች የሚያነቡትን ሦስት መቶ ገጽ የጻፈ ሰው ከሚስቱ ጋር ሦስት መስመር ውል መጻፍ ሊያፍር አይገባም።

በአገራችን ብዙው ደራሲ አሳታሚም ራሱ ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የደራስያንን ሥራ ተቀብሎ ያሳትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጥቂት አሳታሚዎች ቢኖሩም አብዛኛው ጸሐፊ የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ገንዘብ ፈልጎ፣ ማተሚያ ቤት ከፍሎ፣ መጽሐፉን ለአከፋፋይ አስረክቦ መጠበቅ። ሃይማኖታዊ ኪታቦችን የሚያዘጋጁ ኡስታዞቻችንም ከዚህ አልወጡም። በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ባሉት መደብሮች የምታዩዋቸው ብዙዎቹ ትንንሽ መጻሕፍት ጸሐፊው ወይም ወዳጆቹ ከኪሳቸው አውጥተው ያሳተሟቸው ናቸው።

«ዒልም ይሸጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። የሚጠይቁትን ሰዎች አንነቅፍም፣ ጥያቄው ከአላህ ፍራቻ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ የፊደል ለቀማው፣ የአርታኢው ዐይን ዋጋ አላቸው፤ የጸሐፊው ሌሊትም እንዲሁ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 (በ1409 ዓ.ሒ.) ኩዌት ላይ ባካሄደው 5ኛ ጉባኤው የድርሰት መብት በሸሪዓ የተጠበቀ፣ የገንዘብ ዋጋ ያለው መብት መሆኑንና መድፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። ቀደም ብለን ብንሄድም ያቁት አል-ሐመዊ የአገሮችን ታላቅ መዝገብ ያዘጋጀው መጽሐፍ እየገለበጠና እየሸጠ በሚያገኘው እየኖረ ነው። ነፃ የወጣ ባሪያ ነበር፣ ውርስም ባለሀብት ደጋፊም ይዞ አልተነሳም። የሞተው በ626 ዓ.ሒ. ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አድማጮቻችን ብዕርና ወረቀት ብትይዙ መልካም ነው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድናቸው ናቸው፣ እናንተ የደረሳችሁበትን ዋጋ ተኩበት። አንድ ወንድም 1,000 ኮፒ ያሳትማል እንበል። ማተሚያ ቤቱ ለአንዱ 200 ብር አስከፈለው፣ 200,000 ብር ማለት ነው። ለአርትዖት፣ ለገጽ አቀማመጥና ለሽፋን 30,000 ብር ወጣ። የመጽሐፉ ዋጋ 400 ብር ሆነ። አከፋፋዩ ከመቶ 35 ቢወስድ ለጸሐፊው ከአንዱ 260 ብር ይደርሰዋል። ሺው ኮፒ አንድ ሳይቀር ቢሸጥ 260,000 ብር ይገባል፤ ወጪው ሲነሳ ትርፉ 30,000 ብር ነው። ለወዳጅ፣ ለዘመድና ለሥራ ባልደረባ 100 ኮፒ በነፃ ከሰጠ ግን የሚገባው 234,000 ብር ነው፣ ትርፉም 4,000 ብር ይሆናል። የዓመት ወይም የሁለት ዓመት ድካም ይህ ነው። «ጓደኛዬ ጻፈ፣ አንድ አይሰጠኝም?» የምንል ሰዎች ይህንን ቁጥር እናስበው።

ታዲያ ሰው ከዚህ እንዴት ይኖራል? ሒሳቡን ገልብጠን እንየው። ያው ወንድም ከሺው 300ውን በራሱ እጅ፣ በሙሉ ዋጋ፣ ለሚያውቁትና ለሚያምኑት ሰዎች ቢሸጥ ከ300ው 120,000፣ በአከፋፋይ ከሚሄደው 700 ደግሞ 182,000 ብር ይገባዋል። ትርፉ 72,000 ብር ሆነ ማለት ነው። መጽሐፉ አልቆ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ደግሞ የአርትዖቱና የገጽ አቀማመጡ ወጪ አይደገምም። ሁሉም በአከፋፋይ ቢሄድ እንኳ፣ የኅትመት ዋጋው ካልተለወጠ፣ ትርፉ 60,000 ብር ነው። ከመጀመሪያው ኅትመት እጥፍ! የጸሐፊ እንጀራ ያለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ኅትመት ላይ ነው እንድንል ያደረገን ይህ ሒሳብ ነው።

ችግሩ ብዙዎች ሁለተኛው ኅትመት ላይ አይደርሱም። መጽሐፉ ስላልተወደደ አይደለም፤ ተሽጦ ያልቃል፣ አንባቢ ይጠይቃል፣ ማተሚያ ገንዘብ ግን የለም። አከፋፋዩ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያደረገ የመለሰው ለቤት ኪራይ፣ ለዒድ ልብስ፣ ለታመመ ዘመድ ሄዷል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ወጪዎች ናቸው፣ ማንም አይነቅፋቸውም። ነገር ግን ከተመለሰው ውስጥ የማተሚያው ዋጋ ትርፍ አይደለም። ዋናው ገንዘብ ነው። ባለሱቅ የዘይቱን መግዣ ቢበላው ሱቁ እንደሚዘጋ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ጸሐፊ ግን ነጋዴ መባልን ስለሚጠላ ይህን ሒሳብ ለመያዝ ይተናነቀዋል። በእኛ በኩል የምንመክረው ለመጽሐፉ የተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲከፈት ነው፣ ወለድ የሌለበት ቢሆን። ከእያንዳንዱ ሽያጭ የማተሚያው ድርሻ እዚያ ይግባና አይነካ።

በዚህ ላይ የገንዘባችን ዋጋ መውረድ አለ። የማተሚያ ወረቀት በውጭ ምንዛሬ ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬ አሠራሩ ሲለወጥ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ብር አለፈ። ያን ጊዜ የመጽሐፉን ዋጋ ሽፋኑ ላይ አትሞ በየመደብሩ የበተነ ሰው ምን ያድርግ? ስለዚህ ዋናውን ገንዘብ በብር ከመቁጠር በኮፒ መቁጠር ይሻላል። 200,000 ብር ትናንት 1,000 ኮፒ ያሳትም ነበር፤ የአንዱ ዋጋ 330 ብር ከገባ 606 ኮፒ ብቻ ነው። የቀረውን ኮፒ ዋጋ ቶሎ ማስተካከል ወይም የተመለሰውን ገንዘብ ለሚቀጥለው ኅትመት ቶሎ ማዋል ያስፈልጋል። ዋጋ ሲጨመር አንባቢ ቅር ይለዋል፤ መጽሐፉ ጭራሽ ሲጠፋም ቅር ይለዋል።

ስለ ገጽም አንድ ነገር እንጨምር፣ ቀላል ይመስላል ግን ገንዘብ ነው። በማተሚያ ቤት አንዱ ትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል። 162 ገጽ ያለው ረቂቅ ለሁለት ገጽ ሲባል ተጨማሪ ወረቀት ያስወጣል። ጥሩ አርታኢ 160 ላይ ያሳርፈዋል። ለአርታኢ መክፈል የማይወዱ ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን ከምረቃ አዳራሽ ኪራይና ከድግሱ ይልቅ ለአርታኢ ቢከፈል እንመርጣለን። በምረቃው ቀን የመጣው ሰው ለስላሳውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ የቁርኣን አንቀጽ ቁጥር የተሳሳተበት መጽሐፍ ግን በየቤቱ ይቀመጣል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ወለድ ያለበትን ብድር አናነሳውም፣ ሐራምነቱን ታውቃላችሁ። ሁለት የተፈቀዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው ሙዳረባ ነው። ወዳጅ ገንዘብ ያወጣል፣ ጸሐፊው ይሠራል፣ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ጸሐፊው ሳያጠፋና ሳይዘናጋ ኪሳራ ቢመጣ ከገንዘብ ባለቤቱ ነው፤ የጸሐፊው ኪሳራ ልፋቱ ነው። «ብትከስርም ገንዘቤን ከእነ ትርፉ ትመልሳለህ» የሚል ሰው ሙዳረባ አላደረገም፣ ስሙን ቀይሮ ወለድ ጠይቋል። ሁለተኛው ሰለም ነው፣ ዋጋውን አስቀድሞ ተቀብሎ ዕቃውን በተወሰነ ቀን ማስረከብ። አንድ ኡስታዝ ከመቶ ሰው የመጽሐፉን ዋጋ ቀድሞ ሊሰበስብ ይችላል። ነገር ግን ዋጋው በውሉ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይከፈል፣ የገጹ ብዛት፣ የወረቀቱና የሽፋኑ ዓይነት ይገለጽ፣ የማስረከቢያው ቀን ይታወቅ። «ኢንሻአላህ በቅርቡ» የሚባለው ቀን አይደለም። የኢንሻአላህን ቃል ለማዘግያ ስንጠቀምበት ሰዉ እኛንም ቃሉንም መጠራጠር ይጀምራል።

ጊዜም ይታሰብበት። የረመዳን መጽሐፍ ለሻዕባን ሱቅ ውስጥ መድረስ አለበት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ የአምናውን ወር አምኖ ማዘዝ አያዋጣም። ለክረምት ደረሶች የሚሆነው የተጅዊድና የአሊፍ-ባ ኪታብ ደግሞ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ይዘጋጅ። እንዲህ ያሉት መጻሕፍት ብዙ ወሬ አይነሳላቸውም፣ ግን በየዓመቱ አዲስ ልጅ ስለሚመጣ በየዓመቱ ይሸጣሉ። ሌላውን ሥራውን በዝምታ የሚሸከምለት እንዲህ ያለ አንድ መጽሐፍ ያለው ጸሐፊ ዕድለኛ ነው።

ሥራ ስለ መልቀቅም እንጠየቃለን። አስተማሪ ከሆናችሁ አስተምሩ፣ ሱቅ ካላችሁ ሱቃችሁን ያዙ። የወቅፍን ሕግጋት በመጽሐፍ ያዘጋጁት ታላቁ የሐነፊ ሊቅ አል-ኸሷፍ ጫማ እየጠገኑ ይኖሩ ነበር፤ መጠሪያቸውም ከዚያው የወጣ ነው። ሦስት ወይም አራት መጽሐፍ በየጊዜው እየታተመላችሁ የቤት ወጪያችሁን በተከታታይ ሁለት ዓመት ከቻለ፣ ያኔ ከቤተሰብ ጋር ተመካከሩ። ከዚያ በፊት የልጆችን ቁርስ በአንድ ርእስ ላይ መጣል አይገባም።

ወደ አንባቢው እንምጣ። ዛሬ አንድ መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ይለቀቃል። የሚለቀው ሰው «ለአጅር ብዬ ነው» ይላል። የሌላ ሰው ዶሮ አርዶ ሰደቃ ማብላት አጅር ካለው ይህም ይኖረዋል! በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ድርሰት ገና ሲጻፍ ጥበቃ አለው፣ መመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ማስረጃ እንዲሆን ግን በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ ይጠቅማል። ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎትም የመጽሐፉን መለያ ቁጥር መውሰድ ተገቢ ነው። አቅም የሌለው አንባቢ ካለ ጸሐፊውን ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ለደረሳ ዋጋ ይቀንሳሉ። ባለሀብት ወንድሞችም ሃምሳ ኮፒ ገዝታችሁ ለመድረሳ ወቅፍ ብታደርጉ ጸሐፊውም ይቆማል፣ ልጆቹም ያነባሉ።

የዘካውን ነገር ብዙዎች ይዘነጉታል። ለሽያጭ የተቀመጠ መጽሐፍ የንግድ ዕቃ ነው። አልጋ ሥር ያለውም፣ በየመደብሩ ያልተሸጠውም፣ በእጅ ካለው ገንዘብ ጋር ተደምሮ ኒሷብ ከሞላና የጨረቃ ዓመት ከዞረበት በዕለቱ ዋጋ ተገምቶ ከመቶ 2.5 ይወጣለታል። ለራስ ንባብ መደርደሪያ ላይ ያለው ኪታብ አይቆጠርም።

የመጨረሻው ስለ ደብተር ነው። ለየትኛው መደብር ስንት ኮፒ ተሰጠ፣ በምን ቀን፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት ቀረ፣ ማን ፈረመ፤ ይህ ሁሉ ይጻፍ። አዟሪ ወንድሞችም በአደራ የወሰዱት ይጻፍላቸው፣ ለእነርሱም መከበሪያ ነው። በሕጉ የደራሲው የገንዘብ መብት እርሱ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ነገር ግን ባሏ የሞተባት እኅት መጽሐፉ በየትኛው ሱቅ እንዳለ ካላወቀች፣ የገጹ ፋይል በማን ኮምፒዩተር ላይ እንደተቀመጠ ካልተነገራት፣ መብቱን ምን ታደርገዋለች? የቲሞቹ ድርሻ በሰው እጅ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ በራሳችሁ የምታሳትሙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፋይሉን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ያለባችሁንና ያላችሁን በወሲያችሁ ውስጥ ጻፉ፣ ደብተሩ የት መሳቢያ ውስጥ እንዳለም ዛሬ ማታ ለቤታችሁ ሰው ንገሩ።