ስለ ወጣቶች የኳስ ማኅበር የተነገረ ቃል

በዚህ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ስለ ሮብ ገበያ ልጆች የእግር ኳስ ማኅበር ጥቂት ቃል እንድናገር ፍቀዱልኝ።

በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአራዳ ወጣቶች በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም አንድ የኳስ ማኅበር አቆሙ። በዚያ ማኅበር የተጫወቱት ይድነቃቸው ተሰማ በ1954 ዓ.ም. አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ስታገኝ አሠልጣኝ ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መሩ። እንግዲህ ከሰፈር ሜዳ ማን እንዲወጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ማኅበር የሚጸናው በሥርዓት ነው። ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው የተለያዩ ይሁኑ፤ ገቢውና ወጪው በመዝገብ ተጽፎ በጉባኤ ፊት ይነበብ፤ ተጫዋቹም የዳኛውን ፍርድ ያክብር።

ነገር ግን መዋጮ ያልከፈለ ልጅ ከሜዳ ይውጣ ሲባል ሰምቼ አዘንሁ። እኔ ቅኔ ቤት ስገባ ደበሎና አኩፋዳ እንጂ ገንዘብ አልነበረኝም። መምህሬ ክፈል አላሉኝም፤ አስነጋሪው ያስተምረኝ ነበር፤ ቍራሹንም የሰጠኝ የመንደሩ ሰው ነው። ዛሬ በፊታችሁ መቆሜ ከዚያ የተነሣ ነው።

ስለዚህ የሚችል ይክፈል፤ የማይችል ሜዳውን ይጥረግ፤ ታናናሾቹን ያለማምድ። በጥቂት ብር ምክንያት ግን ማንም ልጅ አይለይ። ሽማግሌዎቻችን ይህን በማኅበሩ ደንብ እንዲያጽፉልን እለምናለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።